ወተቴዎቹ የጠፉበት ማሳ

በዚያ የአፈር ምርምር ጣቢያ «ንስሯ» ሲባል «ማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ገና ትናንት የተቀጠረ ሰው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ያውቃታል፤ ግማሹ ይፈራታል፣ ግማሹ ይወዳታል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬዱትም ጥቂት አይደሉም። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም፣ ነጭ ጋውኗ ዘወትር የተተኮሰ ነው። ስሙ የወጣላት ለዓይኗ ነው። ሌላው ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ «አቧራ ነው» ብሎ የሚያልፈውን እሷ እግሩን ቆጥራ፣ ጀርባውን አይታ፣ ከነወገኑ ትነግርሃለች። የሚጠራጠራት ካለ «ተሳስቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ ትምላለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚከራከራት የለም።

ሥራዋ ለማያውቀው ሰው ቀልድ ይመስላል። ከማሳ የመጣ አፈር ወንፊት ላይ ይደረግና ከበላዩ አምፖል ይበራበታል። በአፈሩ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ሙቀትና ብርሃን አይወዱም፤ እየሸሹ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ መጨረሻ ላይ አፈሩ ያልቅባቸውና ከሥር አልኮል ወደያዘው ብልቃጥ ጠብ ይላሉ። ንስሯ ብልቃጡን ነጭ ሳህን ላይ ትገለብጣለች። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየች፣ ከሰው ቅንድብ ፀጉር በማይወፍር ብሩሽ፣ እያንዳንዱን እየለቀመች ወደየትንሽ ብልቃጡ ታስገባለች። ቁጥሩ የሚመዘገበው በማግሥቱ ከእነዚያ ትንንሽ ብልቃጦች ነው። ሳህኑ ላይ የቀረውን ዝቃጭ «ባዶ ነው» ብላ ትፈርምበታለች፤ አጣቢዎቹ ሳህኑን ሲያጥቡ ዝቃጩን በጠርሙስ አድርገው ዕቃ ቤት ያስቀምጡታል። የእሷ ፊርማ ካረፈበት በኋላ ያን ጠርሙስ የከፈተ ሰው ኖሮ አያውቅም። ማን ደፍሮ።

ከነፍሳቱ ሁሉ የምትሳሳላቸው «ወተቴ» የሚሏቸውን ነው። በመጽሐፍ ላይ ምላስ የሚያስር ረጅም ስም አላቸው፤ የላብራቶሪው ሰው ግን ወተት የመሰለ መልካቸውን አይቶ ወተቴ ብሏቸዋል። ከስኳር ፍሬ ያንሳሉ። በጥልቁ አፈር፣ ጨለማ ውስጥ ስለሚኖሩ ዓይን የሚባል ነገር የላቸውም። ሻጋታውንና የበሰበሰውን ሥር እየበሉ ተክሉ የሚመገበው አድርገው ይመልሱታል። ወተቴ የሞላበት መሬት ጤነኛ ነው፤ ወተቴ የጠፋበት መሬት ከላይ አረንጓዴ ቢመስልም ከታች መታመም ጀምሯል ማለት ነው።

ጭንቀቱ ሁሉ የመጣውም በእነሱ ነው። ጣቢያው ጎን ለጎን ሁለት ማሳዎች አሉት። አንዱ በየዓመቱ ይታረሳል፤ ሌላው ሳይታረስ፣ ገለባ ለብሶ ይዘራበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሁለቱም ማሳዎች ወተቴዎቹ መቀነስ ጀመሩ። አለቃዋ፣ ሁሉም «ዶክተር» የሚለው ቀጭኑ ተመራማሪ፣ እንቅልፍ አጣ። ቆይቶ በታረሰው ማሳ እየጠፉ ሲሄዱ በገለባው ማሳ መመለስ ጀመሩ፤ በየጊዜውም በዙ። ያኔ ሰውየው እንደ ልጅ ዘለለ። ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ደረሰና ከዚህ ዓመት ጀምሮ የሸለቆው ገበሬ ሁሉ ማረስ ትቶ፣ ለከብቱ የሚያስቀምጠውን ገለባ መሬቱን እንዲያለብስ ሊወሰን ነው ተባለ። ወሳኞቹ ማሳውንና ላብራቶሪውን በዓይናቸው አይተው ሊፈርሙ ዛሬ ይመጣሉ።

ንስሯ ደግሞ ትናንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

የሄደችው በባሏ ጭቅጭቅ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው የፊተኛውን ክፍል ግማሽ ይዟል። ከተጋቡ ጀምሮ የመርፌውን ክር የምታስገባለት እሷ ናት፤ እሱ በልጅነቱም ወፍራም መነጽር ነበረው። ባለፈው ሰሞን ክሩን በምላሷ አርጥባ ደጋግማ ስትሞክር አያትና መርፌውን ከእጇ ወሰደ።

«ተይው፣ እኔ ላስገባው» አላት።

«አንተ? አንተ እኮ በር ላይ የቆመ ሰው የማይታይህ ሰውዬ ነህ።»

«አውቃለሁ። ግን አሁን ካንቺ እኔ እሻላለሁ።»

ደሟ ፈላ። ያን ቀን ሙሉ አላነጋገረችውም። ግን ነገሩ ሆዷ ገባ፤ ትናንት ከሥራ ሹልክ ብላ ሄደች።

ሐኪሙ በመሣሪያ አየ፣ ጠብታ ጨመረ፣ እንደገና አየ። ከዚያ የዓይኗ ነርቭ ከተጎዳ መቆየቱን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን በጠብታ ለመጠበቅ እንደሚሞከር ነገራት። ይህን ሁሉ እንደ ሰው ወሬ ሰማችው። ያደረቃት መጨረሻ ላይ የጠየቃት ነው።

«ወተት በነጭ ስኒ ሲቀዱ፣ ምን ያህል እንደሞላ ይታይዎታል?»

«ወተት?»

«ነጭ ነገር በነጭ ላይ። በእርስዎ ዓይነት ሕመም ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ጥቁሩ ነገር እንደ ወትሮው ስለሚታይ ሰው ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ።»

 ነጭ ሳህን፣ ነጭ ወተቴ። እስካሁን ለራሷ «አዲሱ ማይክሮስኮፕ ነው፣ ብርሃኑ አይረባም» ስትል ኖራለች፤ ለተመራማሪውም ለተላላኪውም ስለዚያ ማይክሮስኮፕ ያላማረረችበት ቀን የለም። ሐኪሙ የጠብታውን አጠቃቀም ሲያስረዳት እሷ የምታስበው ዕቃ ቤት ስለተደረደሩት ጠርሙሶች ነበር።

ዛሬ ጠዋት ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ሲላት «መነጽር ይሆናል አለ» ብላ ወጣች። ባሏን እንዲህ ፊት ለፊት ዋሽታው አታውቅም።

ላብራቶሪው በጠዋት ጭር ይላል፤ የአምፖሎቹ ሙቀት፣ የእርጥብ አፈርና የአልኮል ሽታ ብቻ ነው ያለው። ቀድማ የገባችው የእህቷ ልጅ ነበረች። እህቷ ስትሞት ልጅቷ ገና ትንሽ ነበረች፤ ንስሯ ናት ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ለምና ለዚህ ሥራ ያስገባቻት። ልጅቷ ብሩሽ መያዝ ተምራለች፣ እስካሁን ግን ዋና ሥራዋ የገለባውን ማሳ ሳህኖች ማጠብ ነው። የታረሰውን ማሳ ሳህኖች ሌላ አጣቢ ያጥባቸዋል።

ንስሯ ሰላም ሳትላት ዕቃ ቤት ገባች፤ ከታረሰው ማሳ የቀረ ዝቃጭ ያለበትን አንድ ጠርሙስ ይዛ ወጣችና የላብራቶሪውን በር ከውስጥ ቆለፈች።

«ከዚህ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጊ» አለቻት። «ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊ። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«አክስቴ፣ ባዶ ነው ብለሽ የፈረምሽበት እኮ ነው።»

«ፊርማዬን አልጠየቅኩሽም። እዪ።»

ልጅቷ አጎነበሰች። ብሩሹን ያዘች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። 

«ምን አለ?»

«አንድ… አለ።»

«ከአንድ በላይ ከሆነ እንዳትደብቂኝ።»

«ብዙ ናቸው፣ አክስቴ።»

ንስሯ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።  በልቧ «አንድ ሁለት ቢሆኑ ነው» የሚል ተስፋ አድሮባት ኖሯል፤ አሁን ያ ተስፋ ተነቀለ። አልጠፉም። ወተቴዎቹ አንድ ቀንም ከማሳው አልጠፉም። የጠፉት ከእሷ ዓይን ነው፤ አንድ ሰው በእሷ ዓይን ታምኖ ሪፖርት ጻፈ፤ በዚያ ሪፖርት የአንድ ሸለቆ ገበሬ ከብቱን ሊያስርብ ነው።

«የገለባውን አምጪ» አለች፤ ድምጿ ደረቅ ነበር። «እዚያም ይኖራሉ። ከሁለቱም እኩል ስቼ ከሆነ ቢያንስ ልዩነቱ እውነት ነው። ዶክተሩ የሚድነው በዚያ ነው።»

ልጅቷ ከቦታዋ አልተነሳችም።

«አምጪ እንጂ!»

«የገለባው ጠርሙስ ባዶ ነው» አለች ልጅቷ፣ አንገቷን ደፍታ። «እኔ ለቅሜዋለሁ።»

«ምን?»

«ሳህኑን ሳጥብ አያቸው ነበር፤ ዝቃጩ ውስጥ ነጭ ነጭ ይላሉ። ጠርሙስ ውስጥ ከመድፋቴ በፊት ለቅሜ አንቺ ካወጣሻቸው ጋር በትንሹ ብልቃጥ እጨምራቸዋለሁ። በማግሥቱ ሲቆጠር ሙሉ ሆነው ይገኛሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ነጩን ስኒ ጠረጴዛው ያለቀበት ቦታ አስቀምጠሽ የሰበርሽ ጊዜ። ያኔ ነው የገባኝ።»

ንስሯ ያን ስኒ አስታወሰች፤ በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ጮኻ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ንስሯ አታይም ብዬ? ማን ነበር የሚሰማኝ፤ አንቺ ራስሽ በጥፊ ታጮዪኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ታጮላት ነበር። ንስሯን በዚያ ሰዓት እንኳ እጇን በላት።  ይህች ልጅ በየቀኑ እየቆየች፣ እጇ በአልኮል እየተላጠ፣ የአክስቷን ስም ስትለቅም ከርማለች። ግን ያዳነችው የአንዱን ማሳ ብቻ ነው። የታረሰው ማሳ ሳህን በሌላ አጣቢ እጅ ስለሚያልፍ የንስሯ ስሕተት እዚያ እንዳለ ቀረ፤ በገለባው በኩል የልጅቷ ርኅራኄ ሞላው። ተመራማሪው በኩራት ያሳየው ልዩነት፣ ግራፉ ላይ ቀይና አረንጓዴ የተቀባው፣ ይኸው ነው። አንዱ መስመር የአክስት ዕውርነት፣ አንዱ የልጅ ፍቅር።

«መንገር አለብኝ» አለች ንስሯ።

«እንግዶቹ ይሂዱ። ከሄዱ በኋላ ትነግሪዋለሽ።»

«ከፈረሙ በኋላ?»

«ምናልባት እኮ እውነት ነው» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ገለባው ይጠቅማቸው ይሆናል። ዶክተርም ከድሮ ጀምሮ የሚለው ነው።»

«ይሆናል። እኛ ግን አላየነውም።»

«አክስቴ፣ አንቺ ብትወጪ ታማ ነው ይሉሻል፣ ሸኝተው ይሸልሙሻል። እኔን ግን የምርምር ውጤት የነካካች ብለው ያባርሩኛል። ሌላ ላብራቶሪ የሚቀበለኝ የለም። ያልተፈረመበት ነገር ቢሆን እሺ፤ አንቺ ፈርመሽበታል፣ እኔ ነካክቼዋለሁ።»

 እህቷ የሞት አልጋ ላይ ሆና የለመነቻት አንድ ነገር ይህችን ልጅ እንድትጠብቅላት ነው። በአንድ ቃል ልጅቷን ከምትወደው ሥራ ልታስነቅላት ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ስንቱ ቤት ከብቱን ሸጦ ገለባውን መሬት ላይ ሲያነጥፍ ልታይ ነው። ማየት ከቻለች ማለት ነው። የራሷ ቀልድ አፏ ውስጥ መረራት።

በሩ ተንኳኳ፤ ልጅቷ ተነሥታ ከፈተች። የተቆለፈ መሆኑ የገረመው ተመራማሪ ከውጭ «ምን እየሠራችሁ ነው?» እያለ ገባ። ዛሬ ክራባት አስሯል፤ ክራባቱም እሱም ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«እንግዶቹ ማሳው ላይ ናቸው። አንዲት ወተቴ ሳህን ላይ አዘጋጁልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት።»

«ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ላናግርህ» አለችው። ሰው በሌለበት «አንተ» ነው የምትለው፤ ተማሪ ሆኖ ሲመጣ ጀምሮ ነው የምታውቀው።

«ከእንግዶቹ በኋላ፣ በሞቴ።»

«አሁን ነው።»

«ንስሬ፣ ዛሬ ስለ ማይክሮስኮፑ አትንገሪኝ» ብሎ ሳቀና ወጣ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏት ሄደ፤ እሷም ተከትላው ልትወጣ ተነሥታ መሀል ላይ ቆመች። እግሯን የያዘው ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ፈርታለች።

ልጅቷ አንዲት ወተቴ ነጩ ሳህን ላይ አደረገች፤ ማይክሮስኮፑን አስተካከለችና ጆሮዋ ሥር ተጠግታ «ከመሀሉ ትንሽ ወደ ቀኝ ናት» አለቻት። ንስሯ እንዳልሰማ ሰው ብሩሿን ጠራረገች። ግን ሰምታለች።

እንግዶቹ ጫማቸው ላይ የማሳ ጭቃ ይዘው ገቡ። መሪያቸው ሸበት ያለች፣ ነገር የማያልፋት ሴት ነበረች፤ ያየችውን ሁሉ ትነካለች፣ የነካችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ተመራማሪው ስለ አምፖሉ፣ ስለ ወንፊቱ፣ ስለ ብልቃጡ አስረዳ። ከዚያ እጁን በንስሯ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«የዚህ ቤት ዓይን እሳቸው ናቸው። ያሳዩዋችሁ።»

ንስሯ ተቀመጠች። አጎንብሳ አየች። ጭጋግ ነው ያለው፤ ጥሩ ብርሃን ያለው፣ ንጹሕ፣ ባዶ ጭጋግ። ብሩሹን ወሰደችና ከመሀሉ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ምንም በሌለበት፣ ጫፉን አሳረፈች።

«ብሩሹ ጫፍ ላይ ይመልከቱ።»

ሴትዮዋ አጎነበሰች። «አየኋት!» አለች። «እግሯን ሁሉ አየሁት። ዓይን የላትም አይደል? ይቺን ከዚያ ሁሉ አፈር ውስጥ እንዴት ያገኟታል?»

«ልምድ ነው» አለች ንስሯ። ልጅቷ ከኋላዋ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማቻት። አለፈ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ፣ አለች በልቧ፤ ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ የሠለጠነ እጅ ነበረው።

ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። ወደ ተመራማሪው ዞራ ስለ ገበሬው ጠየቀች። ገለባው መሬት ላይ ከዋለ ከብቱ ምን ይበላል? ድሃው ምን ያደርጋል? ተመራማሪው አልተቆጣም፤ ያሰበበት ጥያቄ ነው።

«የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይከብዳሉ፤ አልዋሽዎትም» አላት። «ከብቱን የሚቀንስ ይኖራል። እኔም በግምት ቢሆን ኖሮ ይህን አልጠይቅም ነበር። ግን አፈሩ እየሞተ መሆኑን እሳቸው በዓይናቸው አይተዋል። እሳቸው የሉም ካሉ የሉም።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ፤ የጠየቀችው ንስሯን ነው።

 ንስሯ ብሩሹን አስቀመጠች። ስታስቀምጠው የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ዳስሳ ነው።

«እኔ አይታየኝም» አለች።

ተመራማሪው ሳቀ፤ ቀልዷን ያውቃላ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ ቆመ።

«ምን ማለት ነው?»

«አሁን ያሳየኋትን ወተቴ አላየኋትም። የት እንዳለች ተነግሮኝ ነው። ትናንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። ነጭ ነገር በነጭ ላይ አይታየኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወተቴዎቹ መጥፋት የጀመሩ ጊዜ ነው፣ ዶክተር።»

ሰውየው ቃሉን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ እየለቀቀ ሲወርድ ለንስሯ እንኳ ታያት። ክራባቱን በእጁ ያዘ።

«ታዲያ በገለባው ማሳ የተመለሱትስ?» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ።

ንስሯ «እሱን እኔም አላውቅም» ልትል አፏን ከፈተች። አንድ የመጨረሻ ውሸት ዋሽታ፣ የልጅቷን ድርሻ ዋጥ አድርጋ ከራሷ ጋር ይዛው ልትወጣ ነበር ያሰበችው።

«የመለስኳቸው እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ከኋላዋ።

ሁሉንም ተናገረች። ድምጿ መጀመሪያ ላይ አይሰማም ነበር፣ እየቆየ ጠነከረ። እንግዶቹ ወረቀታቸውን ሳይፈርሙ አጠፉት፤ ሴትዮዋ ስትወጣ ለማንም እጇን አልዘረጋችም፣ ንስሯ ጋ ስትደርስ ግን ቆም ብላ «እግዜር ይርዳዎት» አለቻት። ተመራማሪው ሊሸኛቸው ወጣ። ከኮሪደሩ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል።

 ንስሯ የምታለቅስ ይመስላት ነበር፤ እንባው አልመጣም። የመጣው አንድ እፎይታ ብቻ ነበር፣ ያም ያሳፍራል።

ተመራማሪው ሲመለስ በሁለቱም እጁ ከዕቃ ቤት ያመጣቸውን ጠርሙሶች ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣቸው ጮኹ።

«ሁለታችሁንም ምን እንደማደርጋችሁ አላውቅም» አለ።  «አላውቅም። ነገ እናወራለን። እናንተን ሳይሆን ራሴን ነው ልመታ የሚቃጣኝ፤ አንድም ቀን ከጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አላየሁም።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሁሉም እንደገና ይታያል፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። እስክትባረሪ ድረስ የምታዪው አንቺ ነሽ። ቁጭ በይ።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ወንበሩ ላይ ያለችው አክስቷ ናት። ንስሯ ይህን የተረዳችው ትንሽ ቆይታ ነው። ተነሣች። የተቀመጠችበት ቦታ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር፤ ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ተቀመጠችበትና ከሳህኑ ሥር ጥቁር ወረቀት አነጠፈች።

«ጮክ ብለሽ ቁጠሪ» አለቻት ንስሯ።

ልጅቷ መቁጠር ጀመረች። ንስሯ ከኋላዋ ቆማ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የወተቴን ቁጥር ከሰው አፍ ተቀበለች።